አንድ ቴራ ያልበቃው

ይህን የምጽፍላችሁ እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። ሆኗል፤ ስለሆነ እጽፈዋለሁ።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ከመስኮቱ ሥር የሰፈር ልጆች ኳስ ይራገጣሉ፣ አንዲት ጎረቤት ምንጣፍ እያራገፈች ልጆቹን ትቆጣለች።

ሌሊት ቢሆን ኖሮ "እንቅልፍ ነው" ብዬ ራሴን እሸነግል ነበር። መብራት ጠፍቶ ቢሆን "ጥላ ነው" እል ነበር። በጠራራ ፀሐይ ግን ሰው ራሱን ምን ብሎ ያታልላል?

ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ከሸሪኬ ጋር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችን። ሸሪኬ ከሲታ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ "ሽቦው" ይለዋል፤ እሱም ለምዶት ስሙን ስትጠሩት ዞር ብሎ አያይም።

እኔ መንፈስ፣ ምናምን ሲባል የምስቅ ሰው ነኝ። "ኮምፒውተሬ አበደ፣ ሰይጣን ገብቶበታል" እያሉ የሚመጡትን ስንቱን በብሩሽ ጠርጌ ሸኝቻለሁ። ሰይጣኑ ሁልጊዜ አቧራ ነበር።

እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ...

ታላቅ እህቴን እታለም ነው የምላት። እናታችን ቶሎ ስለሞተችብን ያሳደገችኝ እሷ ናት። ካደግሁም በኋላ፣ ይህን አክዬ፣ "ሚጣ" ብላ ትጠራኝ ነበር።

ባለቤቷን ጋሼ እላቸው ነበር። የቤት ፕላን ነዳፊ ነበሩ። እታለምም አጠገባቸው ተቀምጣ ሙያውን ከእሳቸው ተማረች፤ ሁለቱም በአንድ ኮምፒውተር እየተፈራረቁ ሲሠሩ ኖሩ። ልጅ አልወለዱም። አምና ጋሼ ቁርስ በልተው ሲነሱ ልባቸው ቀጥ አለ። በቃ።

ላይችል አይሰጥ ይባላል። እታለም ግን የቻለች አልመሰለኝም። ከዚያ ወዲህ የእኔ ሥጋት አንድ ብቻ ነበር... እሷንም እንዳላጣት።

ጋሼ አንድ ግትርነት ነበረባቸው። ዲስክ ሲገዙ ሁልጊዜ ትንሿን ነው፤ መቶ ሃያ ጊጋ። ትቆይና ትሞላለች። ይመጣሉ። ደግሞ መቶ ሃያ። "ጋሼ፣ አንድ ቴራ፣ ሺውን ጊጋ፣ ይግዙና ይገላገሉ እንጂ" እላቸዋለሁ። "ትንሹ ይበቃል" ይላሉ። ፕላኖቹን ብቻ ወደ አዲሷ አስገልብጠው፣ የሞላችውን ደግሞ ወስደው ጓሮ ውስጥ በመዶሻ ያደቋታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልን ከሽቦው ጋር ስንት ቀን ስቀንባቸዋል።

ፍጥነትም አይወዱም።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ዲስክን በርሜል ነው በሉት። መጠኑ ስንት ውሃ እንደሚይዝ ነው። ፍጥነቱ ግን የቧንቧው ጉዳይ ነው፤ የቱንም ያህል ጎበዝ ዲስክ ብትገዙ ከተሰካበት መስመር በላይ አይሮጥም። በኬብል የሚሰካው በሰከንድ አምስት መቶ ሃምሳ ሜጋ ገደማ ሲደርስ ይቆማል፤ አለቀ፣ ብትለምኑትም አይጨምርም። ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የምትሰካዋ፣ ማስቲካ የምታክል ቀጭን ዲስክ ግን አለች። እሷ በእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ድረስ ትሄዳለች።

የጋሼ ኮምፒውተር የዚህች ማስገቢያ ነበረው። እንድጠቀምበት አንድም ቀን አልፈቀዱልኝም። ከኬብሎቹም መካከል ዘገምተኛውን መርጠው ነበር የሚያሰኩኝ።

አንድ ጊዜ ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ቤት ሲሰፋ እንግዳ ይበዛል" አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ያን ቅዳሜ ረፋድ ላይ እታለም ደወለች። ስለ ኮምፒውተር ጠይቃኝ የማታውቅ ሴት "ትልቅ ዲስክ አምጪልኝ... ፈጣን የሚባለውን" አለችኝ። ሥራ ተደራርቦብኛል፣ ኮምፒውተሩ ሞልቶ ፕላን አልከፍት ብሎኛል፣ ደንበኞች እየጮኹብኝ ነው አለች።

ደስ አለኝ። እሰይ፣ እህቴ ወደ ሥራዋ ተመለሰች አልኩ። አምስት መቶ ጊጋ ይበቃኛል ብትለኝም እኔ አንዷን ቴራ ከመደርደሪያው አነሳሁ። የእኛ ሙያ ሰው ጠባዩ ይሄ ነው፤ ለሚወደው ሰው ከተጠየቀው በላይ ካልሰጠ የሰጠ አይመስለውም። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ለእኔ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ቅር አለኝ። ስልኩ ላይ ስታወራኝ የነበረው በሹክሹክታ ነው።

ቤቷ ስደርስ ሳላንኳኳ በሩን ከፈተችው።

ጥቁሯን አውልቃለች። ፀጉሯን ተሠርታለች። ለሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳለች።

"እንዴ፣ እታለም፣ ልትዳሪ ነው እንዴ?" አልኳት።

"ቀስ በይ..." አለችኝ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ።

ቤት ውስጥ ማንም የለም። ማንን ልቀሰቅስ ነው?

የሥራ ክፍሉ ታጥቧል፣ መጋረጃው ተገልጧል። ጠረጴዛው ላይ ሻይ ተዘጋጅቷል። ብርጭቆዎቹን አየሁ። ሦስት ናቸው።

"ሰው ይመጣል?"

ወንበር ሳበችልኝ።

የኮምፒውተሩን ቀፎ ብሎን ፈታሁ። ጋሼ ከሞቱ ወዲህ ማንም አልከፈተውም፤ እኔም ብሩሼን አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። ውስጡ ግን አቧራ የለም። ቅንጣት የለም። እንደታጠበ ሳህን ያብለጨልጫል።

ዓመት ሙሉ የተዘጋ ቀፎ... አቧራ የለውም።

ብሩሼን ወደ ቦርሳዬ መለስኩት። ግን ከመገረም በቀር ምን ልበል? ቀጠልኩ።

ቀጭኗ ማስገቢያ ላይ ጥቁር ናስትሮ ተለጥፏል። አንድ ዙር ቢሆን ለአቧራ ነው እል ነበር። እሱ ግን በላይ በላዩ ተደራርቦ እንደ ቁስል ማሸጊያ ጠጥሯል። በካቻቢቴ ጫፍ ስልጠው ቆየሁ። የመጨረሻው ሽፋን ሲላቀቅ እታለም ከኋላዬ ትንፋሿን ስትለቅ ሰማኋት።

አዲሷን ሰካሁ። የአሮጌዋን ይዘት ወደ አዲሷ መገልበጥ አስጀመርኩና ሻይ ጠጣን። ሦስተኛው ብርጭቆም ተቀድቶለት በኪቦርዱ በኩል ተቀምጧል። እታለም ስኳር ጨምራ አማሰለችው። ጋሼ ሻይ በሁለት ስኳር ነበር የሚጠጡት።

ሐዘን ነው አልኩ በሆዴ። ሐዘን ሰውን ብዙ ያደርገዋል። ብርጭቆውን ያላየሁ መሰልኩ።

መገልበጡ ሲያልቅ አሮጌዋን ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። የአዲሷን ባዶ ቦታ በሙሉ ለኮምፒውተሩ ለቀቅኩለት፤ እስከ ጫፍ። አንድ ቴራ ብለው ይሸጡላችኋል፣ ስትከፍቱት ዘጠኝ መቶ ሠላሳ አንድ ነው። ይህን ቀልድ ለእታለም ነገርኳት። አልሰማችኝም፤ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ነበር።

ኮምፒውተሩ ገና ቁልፉን ስነካው ተነሳ። ድሮ ሻይ አፍልታችሁ የምትጠብቁት ማሽን!

"ይኸው፣ አሁን ሥሪ" ብዬ ፕላኖቹ ያሉበትን ቦታ ከፈትኩላት።

ባዶ ነው።

"እታለም... ፕላኖቹ የታሉ?"

"አጠፋኋቸው።"

"የቱን?"

"ሁሉንም።"

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። የእሷና የጋሼ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። እንጀራዋ ነው። ሥራ በዝቶብኛል ያለችኝ ሴት የምትሠራው አንድም ፕላን የላትም።

"ለምን?" አልኳት።

"ቦታ እንዲያገኝ" አለችኝ በሹክሹክታ።

ማን ብዬ መጠየቁን ፈራሁት።

ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። ፕላኖቹ ከሌሉ አሮጌዋ ዲስክ በምን ሞላች? ፈለግሁ፤ አገኘሁት። አንድ ፋይል። ስም የለውም። በምን እንደሚከፈት አይታወቅም። አሮጌዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያጨናነቃት እሱ ብቻውን ነው።

የተፈጠረበትን ቀን አየሁ። ከሰባት ዓመት በፊት።

አሮጌዋን ዲስክ ራሴ የሸጥኳት የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። አዲስ ነበረች፤ ማሸጊያዋን የቀደድኩት እኔ ነኝ። በሁለት ዓመት በርሜል ውስጥ የሰባት ዓመት ውሃ እንዴት ይገኛል?

ቫይረስ ነው አልኩ። ቫይረስ ቀኑን ይዋሻል።

የዚያን ጊዜ ነው ባዶ ቦታው ሲቀንስ ያየሁት።

ስምንት መቶ ምናምን ጊጋ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ሰባት መቶ ዘጠና። ሰባት መቶ ሰባ...

ስም የለሹ ፋይል እያበጠ ነው።

ከኢንተርኔት የሚወርድ ነገር ነው ብዬ ኬብሉን ነቀልኩት። አልቆመም። ስፒከርና ኪቦርድ ካልሆነ በቀር የቀረ የተሰካ ነገር የለም። ፍጥነቱን ከፈትኩ። ሦስት ሺህ አምስት መቶ። ቀጥ ያለ መስመር፤ ሽቅብም አይልም፣ ቁልቁልም አይልም።

ሽቦው ዘንድ ደወልኩ።

"ስንት ይላል?"

"ሦስት ሺህ አምስት መቶ።"

"ይወርዳል። ትንሽ ቆይቶ ይደክመዋል። የማይደክመው ዲስክ የለም።"

"አልወረደም... አንዲት ቁጥር አልተነቃነቀም።"

"ከየት ነው የሚገለብጠው?"

"ከየትም።"

"ከየትም የሚባል ቦታ የለም" አለኝ እየሳቀ።

አሮጌዋ ወጥታ ጠረጴዛ ላይ ናት፣ ኢንተርኔቱ ተነቅሏል አልኩት። ሳቁን አቆመ። ከጀርባው የሱቃችን ማራገቢያ ይሰማኛል።

"ስሚኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ጣሪያውን ነክቷል ማለት ነው። የሚመጣው ነገር ከመስመሩ ይበልጣል። መስመሩ ስለያዘው ነው እንጂ..."

አልጨረሰውም።

"ንቀይው። አሁኑኑ።"

ስልኩን አስቀምጬ ወደ ሶኬቱ ጎንበስ ስል የእታለም እጅ ክንዴን ጨመደደኝ።

"ስንት ቀረው?" አለችኝ።

ቀና ብዬ አየኋት። ምንም አልደነገጠችም። ፊቷ ላይ ያለው ከዓመት በላይ ያላየሁት ነገር ነው። ደስታ ነው።

ያን ጊዜ ነገረችኝ። ጋሼ በሞቱ በሁለተኛው ወር ገደማ አንድ ያረጀ ፕላን በስህተት አጠፋች። ወዲያው ከስፒከሩ ሳል ተሰማት። አንድ ጊዜ ብቻ። የእሳቸው ሳል። ሌላ ለመስማት ተቀምጣ ጠበቀች፣ ዝም። ያ ያጠፋችው ቦታ ተመልሶ ሞልቷል። ሌላ ፕላን አጠፋች። በነጠላ ጫማ እግር ሲጎተት ሰማች። ሌላ አጠፋች። ጉሮሮ ሲጠረግ። እንዲህ እንዲህ እያለች አንዱን ፕላን በአንድ ድምፅ ስትመነዝር ዓመቱ አለቀ።

"ባለፈው ሳምንት የመጨረሻውን አጠፋሁ" አለችኝ። እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ አልጠረገችውም። "ስሜን ጠራኝ፣ ሚጣ... ግማሹን። ግማሹ ላይ ቦታ አለቀበት።"

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ለአፍታ እኔም ልሰማቸው ፈለግሁ። አባት ሆነውኛል ጋሼ። ሶኬቱ እጄ አጠገብ ነው፤ ነገር ግን አልነቀልኩትም።

ሦስት መቶ ጊጋ። ሁለት መቶ ሃምሳ...

ስፒከሩ ቸስ አለ።

ከዚያ ስሟን ጠራት። ሙሉውን።

የጋሼ ድምፅ ነው። ቅንጣት አይዛነፍም፤ መጨረሻዋ ላይ እንደሚያቆላምጧት ሳይቀር። እታለም ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ወንበሩ ላይ ተዘርፍጣ ቀረች።

የእኔ ዓይን ግን ሄዶ ያረፈው ያ የፋይሉ ቀን ላይ ነው። የተፈጠረው ከሰባት ዓመት በፊት።

ጋሼ የሞቱት አምና ነው።

ትንንሾቹ ዲስኮች... መዶሻው... ናስትሮው። ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ።

"እታለም" አልኳት። እኔም ማንሾካሾክ ጀምሬ ነበር። "ይሄ ነገር የጀመረው ጋሼ በሕይወት እያሉ ነው።"

"ምን?"

"ሰባት ዓመቱ ነው። ትንሿን ዲስክ የሚገዙት እንዳይገባ ነው። ሲሞላ የሚሰብሩት እንዳይገባ ነው። የሚመጣው እሳቸው አይደሉም... እሳቸው ሲያግዱት የኖሩት ነው።"

ደስታው ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ አየሁት። ስፒከሩን አየች። እኔን አየች።

"ታዲያ... ማን ነው?"

ስፒከሩ ስሟን ጠራ። ልክ እንደ መጀመሪያው። ያው ቁልምጫ፣ ያው ትንፋሽ፣ ያው እረፍት። ደገመው። ደግሞ ደገመው። ሰው አንድን ስም ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት አይጠራም።

እታለም ጮኸች መሰለኝ። ወይም እኔ ነኝ። ወደ ሶኬቱ ስወረወር ለመነሳት ብላ ቀፎውን በሁለት እጇ ደገፍ አለችው።

ከመንቀሌ በፊት ስክሪኑን አየሁ። ባዶ ቦታ ዜሮ። ዲስኩ ሞልቷል። አብቅቷል።

ፍጥነቱ ግን ሦስት ሺህ አምስት መቶ ላይ ነበር። አልቆመም። በርሜሉ ሞልቶ ቧንቧው አልተዘጋም፤ ውሃውም መሬት ላይ አልፈሰሰም። ታዲያ የት እየሄደ ነበር?

የእህቴ እጆች ቀፎው ላይ ነበሩ።

ነቀልኩት።

ስክሪኑ ጠፋ። ልጆቹ ውጪ "ጎል" ብለው ጮኹ። ምንጣፉ መራገፉን ቀጥሏል።

ዲስኳን ለመንቀል እጄን ሰደድኩ። እንዲያ በሙሉ ፍጥነት ስትሮጥ የቆየች ዲስክ ጣት ታቃጥላለች፤ በጨርቅ ነው የምትያዘው። እሷ ግን ቀዝቃዛ ናት። ቀፎውም ቀዝቅዟል። ከክፍሉ ሁሉ ትኩስ የነበረው የእታለም እጅ ብቻ ነው፤ ስይዛት እንደ ወባ በሽተኛ ትግላለች።

"እታለም፣ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ" አለችኝ። ፈገግ ብላለች። "ምን ልልሽ ነበር... ምን ልልሽ ነበር..."

ተነስታ ወደ ማብሰያ ቤት ልትሄድ የጓዳውን በር ከፈተች። ዘጋችው። ትክክለኛውን ስታገኝ ምድጃው ፊት ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ይሄ እንዴት ነው የሚበራው?" አለችኝ።

ድንጋጤ ነው አልኩ። ማን አይደነግጥም? ውሃ አጠጣሁና አልጋዋ ላይ አስተኛኋት። አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረኝ፤ ይህች ዲስክ ከዚህ ቤት ትውጣ። ሱቅ አድርሻት ተመልሼ ወደ እኔ ቤት እወስድሻለሁ፣ ከእንግዲህ ብቻሽን አታድሪም አልኳት። እሺ አለች። እንደ ልጅ እሺ አለች። በሯን ገርበብ አድርጌ በጥድፊያ ወጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ የምለቅመውም አላገኘሁ።

ሱቁ ሩቅ አይደለም። ሽቦው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። ዲስኳን ከእጄ ወሰደና መመርመሪያው ላይ ሰካት።

"የቷ ናት የሞላችው?" አለኝ።

"እሷ ናት።"

"እሷ ባዶ ናት።"

ጠፍቶ ይሆናል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ዲስክ ከተወለደች ጀምሮ ስንት እንደተጻፈባት ራሷ ትቆጥራለች፤ ፋይሉ ቢጠፋ ቁጥሩ አይጠፋም። ሽቦው ቁጥሩን በጣቱ አሳየኝ። ዜሮ። እኔ በእጄ የገለበጥኩት እንኳ የለም። ከፋብሪካ እንደወጣች፣ አንዲት ፊደል አልነካቻትም።

ሽቦው የማይቀልድበት ነገር አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን ከንፈሩ ደርቆ አየሁት።

"ታዲያ ያ ሁሉ..." አለኝ፣ "ሲጻፍ የነበረው ምን ላይ ነው?"

ቦርሳዬን እንኳ አላነሳሁም። ሮጥኩ።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ልጆቹ ኳሳቸውን ታቅፈው ግድግዳ ጥግ ቆመዋል፤ አይጫወቱም። ሁሉም የእህቴን መስኮት ያያሉ።

ገርበብ አድርጌ የተውኩት በር ተዘግቷል። አንኳኳሁ።

እታለም ከፈተችልኝ።

ደህና ናት። ቆማለች፣ ላቧ ደርቋል፣ ቀሚሷን አስተካክላለች። እፎይ ብዬ ላቅፋት እጄን ስዘረጋ አንድ እርምጃ ወደኋላ አለች። በጨዋነት ነው ወደኋላ ያለችው፤ የማታውቁት ሰው ሊያቅፋችሁ ሲል እንደምታደርጉት።

"ማንን ፈልገው ነው የመጡት?" አለችኝ።

"እታለም... እኔ ነኝ።"

ፈገግ አለች። ፈገግታዋ የእሷው ነው። ዓይኗ ግን ፊቴ ላይ የሚያርፍበት አጣ። እኔን ለማስታወስ እንኳ አልሞከረችም፤ የሚፈለግ ነገር እንዳለ አታውቅም። ያጠበችኝ፣ ያጎረሰችኝ፣ ታምሜ አብራኝ ያደረች እህቴ... ውስጧ አንዲት ቦታ የለኝም። ጠርጋኛለች። እንደዚያ ፕላን፣ ለእሱ ቦታ ለመልቀቅ።

እንባዬ መጣ። "እህትሽ ነኝ" አልኳት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች አዝናልኝ። "ቆይ... ልጠይቅልዎ።"

ወደ ውስጥ ዞረች።

"አንድ ሴትዮ መጥተዋል" አለች፣ ለሆነ ሰው።

ከሥራ ክፍሉ ውስጥ ወንበር ወደኋላ ሲገፋ ተሰማኝ። ኮምፒውተሩን ነቅዬዋለሁ። ስፒከሩም አብሮ ጠፍቷል።

ከዚያ ድምፅ መጣ። የጋሼ አይደለም። የሴት ድምፅ ነው፤ ሕፃን ሆኜ ፀጉሬን ስታበጥረኝ የምትዘፍንልኝ፣ በሺህ ሰው መካከል ለይቼ የማውቀው።

የእህቴ ድምፅ ነው፤ ከውስጧ የጠፋው ሁሉ እዚያ ያለ ያህል።

"ሴትዮ አይደለችም" አለ ድምፁ እየሳቀ። "እህቴ ናት። አስገቢያት።"

ከፊቴ የቆመችው ሴት ከንፈሯ አልተነቃነቀም። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ መንገድ ለቀቀችልኝ።

"ይግቡ" አለችኝ።